አውራ ጣቱን ያልደበቀው ሰው

ለተወደድከው ታናሽ ወንድሜ፣ ለጦጣው፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ሁላችን፣ እናታችንም ጭምር፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይበላልሃል? ወገብህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ቀኝ እግርህ እንዴት አደረ? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ለወጉ ነው፤ መልሱም ለወጉ «ደህና» ነው። እኔ ግን ዛሬ ለወግ አልጠየቅሁህም። አንድ በአንድ እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ፤ በተለይ የመጨረሻውን።

በስልክ ያልጠየቅሁህ በምክንያት ነው። አንተ በደወልክ ቁጥር እናታችን አጠገቤ ናት፤ ጆሮዋ ደግሞ ከዓይኗ ይበልጣል። ደግሞም በስልክ ከጠየቅሁህ በቀልድ ታልፈኛለህ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አንተ «ጋሼ፣ ደም ግፊትህን ተጠንቀቅ» ትለኛለህ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ወረቀት ላይ አንተም አትቀልድ፣ የእኔም ድምፅ አይሰማ።

ወሬውን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሰባተኛው ፊልማችሁ ባለፈው ሳምንት እዚህ ሲኒማ ቤት ገባ። «ፊልማችሁ» ማለቴን ባለቤቶቹ ቢሰሙ ይስቁብኝ ይሆናል። በዚህ ቤት ግን ያ ግራጫ ኮት ለባሽ ሰላይ፣ ፊቱ የዚያ የታወቀ ተዋናይ ቢሆንም፣ ጀርባው የኛ ነው። በተዋናዩ ፋንታ ከጣሪያ ሲዘል፣ ከባቡር ሲወረወር፣ በደረጃ ሲንከባለል የምናየው አንተን ነው። እናታችን «ፊቱን እነሱ ይውሰዱት፤ ያን ጀርባ እያሸሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ትላለች።

እንደ ልማዳችን አንድ ረድፍ ይዘን ተቀመጥን። አማችህ ታክሲውን አቁሞ መጣና የፊተኛውንም የኋለኛውንም ረድፍ «ይህ የሚስቴ ወንድም ነው» እያለ አዳረሰ። ሰላዩ ያችን ቆንጆ ሲስማት ግን «ይሄ የኛ አይደለም፤ ይሄንን እንኳ ራሱ ነው የሚሠራው» አለ። የማያውቁን ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። እህታችን በክርኗ ጎሸመችው። እኔ አልሳቅሁም፤ እኔ ፊልም ቤት የምገባው ስህተት ፍለጋ መሆኑን ታውቃለህ።

የእህታችን ልጅም ይኸው በሽታ ይዟታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረውን ባላውቅም፣ በኢንተርኔት ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ተሰብስባ በእናንተ ፊልሞች ውስጥ የተደበቀ ነገር ስትለቅም ትውላለች። በሁሉም ፊልሞች ውስጥ እጀታው የተሰበረ አንድ ሰማያዊ ስኒ አለ አለችኝ፤ አንዴ የሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ፣ አንዴ የእስረኛ መስኮት ላይ። በሦስት አገር የተከፈተው በር ቀለሙ እየተቀየረ አንድ በር ነው አለችኝ። እኔም ዝም አላልኩም። ዕድሜ ልኬን የሕንፃ ስንጥቅ ስፈልግ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ በአራተኛው ፊልም የፈነዳው ድልድይ ኮንክሪት ሆኖ ሳለ ምሰሶው እንደ እንጨት መሰንጠቁን፣ ሰላዩ ከወንዝ ወጥቶ ጫማው ደረቅ መሆኑን ነገርኳት። ለባልንጀሮቿ ጻፈችላቸው። አንዱ ይህን ያየ ሰው አብሮት ለመኖር የሚያስቸግር ሰው መሆን አለበት ብሎ መለሰላት። እሷም «ልክ ነህ፣ አጎቴ ነው» አለችው። አነበበችልኝ እኮ፤ ሳታፍር።

እነዚያ ሁሉ ለቃሚዎች የማያውቁት፣ በዚህ ቤት ብቻ የሚታወቅ አንድ ነገር ግን አለ። አንተ ስትወድቅ የግራ አውራ ጣትህን ጭብጥህ ውስጥ ትደብቃለህ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ ግንብ ሲሠራ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ አውራ ጣቱ ተሰብሮ ተጣሞ የቀረው፣ «ስትወድቅ አውራ ጣትህን ደብቅ» ብሎ ስላስተማረህ ነው። ምክሩ ስህተት ነው፤ የተደበቀ ጣት ይበልጥ ይሰበራል። የአባታችን ግንቡ እንጂ ምክሩ ቀጥ ያለ አልነበረም። አሠልጣኝህም ይህን ልማድ ሊያስጥልህ ጣትህን በፕላስተር እስከ ማሰር ደርሶ እንደተሸነፈ ራስህ ነግረኸናል። ስለዚህ ኮቱን ማንም ይልበሰው ማን፣ ግራ እጁን አይተን «እሱ ነው» እንላለን። አንተ ገና ስትዘል እናታችን ትንፋሿን ትይዛለች፤ ጣትህ ሲደበቅ ትለቀዋለች።

በዚህ ፊልም መጀመሪያ ላይ አጥሩን ስትዘል ጣትህ ተደብቋል። በባቡሩ ላይ ስትሮጥም እንዲሁ። ከጣሪያው በገበያው የሸራ ጥላ ላይ ስትወድቅም ተደብቋል። ሸራው ተቀደደ፣ አንተ መሬት ደረስክ፣ እዚያው ላይ ሥዕሉ ተቆረጠ። በፊት በፊት ግን አይቆረጥም ነበር። ሰላዩ ተነሥቶ ኮሌታውን ያራግፋል፤ ሰው የሚያጨበጭበው ለመውደቁ ሳይሆን ለመነሣቱ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ዛሬ አልተነሣም። ከዚያ ወዲያ ከመስተዋቱ በረንዳ የወደቀው፣ በደረጃው የተንከባለለው፣ ግራ እጁ ለሰላምታ የተዘረጋ ይመስል ወለል ብሎ የተከፈተ ነበር። ይህ ወንድሜ አይደለም አልኩ፣ በልቤ።

በማግስቱ ብቻዬን ተመለስኩ። በሳልስቱም። ትኬት የምትቆርጠዋ ልጅ ሚስቱ ያባረረችው ሰው መስያት ነው መሰለኝ፣ ደህና ወንበር መርጣ ትሰጠኝ ጀመር።

አሁን ወደ ካፌው ልምጣ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል፤ ጋዜጣውን ዝቅ ሲያደርግ አንተ ነህ። በሰባት ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊትህን አየን። እናታችን ከመቀመጫዋ ተነሥታ አጨበጨበች። «ተመስገን፣ ዛሬስ አስቀመጡልኝ» አለች። አማችህ ወንድማችን ሹመት አገኘ፣ ከመውደቅ ወደ መቀመጥ ተዛወረ አለ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በደስታ ነበርን። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ደርቆ ነበር፤ ሳታጥፍ ከዘረጋኸው ቀኝ እግርህ አጠገብ የተደገፈውን ከዘራ አይቼዋለሁና።

ያ ከዘራ በአንዱ ሥዕል አለ፣ በሚቀጥለው የለም። የእህታችን ልጅ ባልንጀሮች በዚህ ተጣልተዋል። ግማሾቹ የሠራተኞቹ ስህተት ነው ይላሉ። ግማሾቹ በሁለተኛው ፊልም የሞተው ከዘራ ያዥ ጠላት አልሞተም፣ በስምንተኛው ይመለሳል ብለው ማስረጃ ይደረድራሉ። ልጅቱ ፍርድ እንድሰጥ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ ስለማታውቅ ግንባሬን ዳበሰችኝ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ለፊልም የሚሠራ ከዘራ እንዲያምር ተብሎ የሚሠራ ነው። የዚያኛው እጀታ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል፣ ጫፉም ባንድ ወገን ተበልቷል። ሰው ክብደቱን ጥሎበት የሚሄድበት ከዘራ ነው። አንዱ ሠራተኛ ከፊልሙ ጋር አይሄድም ብሎ አንሥቶ አስቀመጠልህ፤ የመጀመሪያው ሥዕል ግን ቀድሞ ተነሥቷል። ይኸው ነው ምስጢሩ። ጠላትም የለ፣ የሚመለስም የለ፤ የወንድሜ ከዘራ ነው።

የስልክህ ካሜራ ተበላሽቷል ካልከን ስንት ወር ሆነ? እንጀራው ፊልም የሆነ ሰው ምስል የሚያሳይ ስልክ አጣ ብለን አመንንህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተም ቀለለ።

እንግዲህ ቁጣዬን ስማኝ። የተቆጣሁት በመውደቅህ አይደለም፤ መውደቅ ሥራህ ነው። ተቋራጭ ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ «ደህና ነው» ሲለኝ ሕንፃውን ሳሽግ የኖርኩ ሰው ነኝ። የገዛ ወንድሜ ቀለም ቀባብኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አንተም ሰምተሃል። እግርህ ይታጠፋል? ያለ ከዘራ ከአልጋህ እስከ በር ትደርሳለህ? ሐኪሙ ምን አለህ? እነዚያ ሰባት ፊልም ሙሉ የወደቅክላቸው ሰዎች ጠየቁህ ወይስ ወንበር ሰጥተው ሸኙህ? ገበያ ማን ይሄድልሃል? ይህን ሁሉ ብቻህን ስትሸከም እኔ እዚህ ተቀምጬ የድልድይ ስህተት ስቆጥር ነበር። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ለእናታችን ላልነግራት ወስኜ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ግን ጠርታ የደጃፉ ደረጃ ላይ መደገፊያ ብረት አቁምልኝ አለችኝ። ይህን ብረት ላቁምልሽ ብዬ ስንት ዓመት ለምኛት «የሽማግሌ ዕቃ ደጄ ላይ አይቆምም» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። ልቧ ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝና ሜትሬን ይዤ ወጣሁ፤ በእጇ ልክ ለካሁ። ከበሩ ላይ ሆና አየችና ከፍ አድርገው አለች። እናቴ፣ ያንቺ ልክ ይኸው ነው አልኳት።

«ለእኔ ነው ማን አለህ?» አለች።

ሜትሩ ከእጄ አምልጦ ተጠቀለለ።

«ያ ልጅ ከተወለደ ተቀመጥ ብዬ ተቀምጦልኝ አያውቅም» አለች። «ያን ለት ተቀምጦ ሳየው ገባኝ።»

ታዲያ ለምን አጨበጨብሽ አልኳት። በሕይወት መኖሩን ስላየሁ፣ ደግሞም እናንተ እንዳትደነግጡ ነው አለች። ቀጥላም ማወቄን እንዳትነግረው፣ ለእናቴ ተጠነቀቅኩላት እያለ ይጽናና ብላ አስጠነቀቀችኝ። አየኸው? አንተ ከእኛ ትደብቃለህ፣ እኔ ከእሷ፣ እሷ ከሁላችን። ይህ ቤት ከእናንተ ፊልም የባሰ የሰላይ ቤት ሆኗል። እኔ ግን ሥራውን ዛሬ ለቅቄያለሁ፤ ስለዚህ ነገርኩህ።

ና። ስምንተኛው ፊልም ያለ አንተ ይሠራ። ምድር ቤት ያለውን የሥራ ክፍሌን ባዶ አድርጌያለሁ፤ አልጋውን እኔና አማችህ አወረድነው፣ ማን በየትኛው ወገን እንደሚይዝ ተጨቃጭቀን ግድግዳውን ፋቅነው። እህታችን መጋረጃ እየሰፋች ነው። አንተ አልመጣም ካልክ እኔ እመጣለሁ፤ እኔ ከመጣሁ ደግሞ የምትኖርበትን ሕንፃ ሳልመረምር እንደማልመለስ ታውቃለህ።

እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፤ ጀርባህንም አሹልኝ ትላለች። እህታችን ናፍቆቷን ልካለች፣ መልስ ባትጽፍ እንደምትደርስብህም ጭምር። አማችህ ስለ ሹመትህ ዛሬም ያወራል፤ እንኳን ደስ አለህ ይልሃል። የእህትህ ልጅ ሰላም ብላሃለች። የከዘራውን ነገር ነግሬያት ብዙ አለቀሰች፤ ለባልንጀሮቿ አንድ ቃል አልጻፈችም። እጁን ዘርግቶ በአንተ ፋንታ ለሚወድቀው ሰው ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሱም የሆነ ቦታ ጀርባውን ለይታ የምታውቅ እናት ትኖረዋለች።

የደረጃው ብረት ያኑ ቀን ቆመ። ቁመቱን በአንተ እጅ ልክ፣ ከማስታውሰው ለካሁት። ዛሬ ሲሚንቶው ደርቆ ክብደቴን ሙሉ ጥዬ ሞከርኩት፤ አልተነቃነቀም።

ወንድምህ ጋሼ

ከእናታችን ቤት፣ ከደጃፉ ደረጃ
ጥር ፱ ቀን