የጉሎው ፋጉሎ ቅዳሜ እንዳይታደል

ሰኔ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አንሙት፣ የወረዳችን የእንስሳት ጤና ኃላፊ፤

እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለት ጊዜ ደጅዎ መጥቼ ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ሄደዋል ስለተባልኩ፣ ይህን ደብዳቤ ያለፈ ያገደመው እንዲያነበው በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አርባ ዓመት የሠራሁበትን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የጉሎ ዘይት በጨርቅ ነክሮ የከብቱን ጆሮ፣ ብብትና ጡት መቀባት መዥገሩን አፍኖ እንደሚጥለው በሥልጠናው ዕለት ያሳየሁዎት እኔ ነበርኩ። ከሥልጠናው በኋላ ለየቀበሌው በበተኑት ወረቀት ላይ ስሜ ባለመኖሩ ቅር አላለኝም። ቅር ያሰኘኝ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ጉሎው ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ፋጉሎ መርዝ ስለሆነ፣ ከብት በማይደርስበት እንዲቀበር በዚያው ዕለት ተናግሬ ነበር። ባለሙያዎችዎ ግን የኑግ ፋጉሎ በሬ እንደሚያደልብ ስለሚያውቁ የጉሎውም እንደዚያው መስሏቸው፣ ለመኖ ይውላል ብለው ጻፉ። ስለ ትጋታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

2ኛ. ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩነሽና እኔ አንድ አንድ በሬ ስላለን አቀናጅተን እናርሳለን። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ እርስዎ ለናሙና ከላኩት ፋጉሎ አንድ ጣሳ ለበሬያቸው ሰጡት። ረቡዕ መብላት አቆመ፣ ሐሙስ ደም አስቀመጠው፣ ዓርብ ጠዋት በረቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ባለሙያዎ መጥቶ የገደለው መዥገር ነው ብሎ ጽፎ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ወረቀቱን ይዘው መጥተው፣ አንዲት መዥገር ያልነበረችበት በሬ በየትኛው መዥገር ሞተ ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ለተማረ ሰው ትቼዋለሁ።

3ኛ. አሁን በቀበሌው መጋዘን አሥራ አራት ጆንያ ፋጉሎ ተከምሯል። ቅዳሜ ለየቤቱ እንደሚታደል ተለፍፏል። በቀበሌያችን ሰባ ሁለት ጥማድ በሬ አለ፤ ክረምቱም ደርሷል።

እኔ በበኩሌ ከግጦሹ መሬት በታች ጉድጓድ መቆፈር ጀምሬአለሁ። ሦስቱን ጨርሻለሁ። ጆንያዎቹ ይቀበሩባቸዋል፣ አለዚያም በሬዎቹ። የትኛው እንደሚቀበር የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።

ስለ ድካምዎ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ያለ አስተማሪ ፊደል የቆጠርኩ ገበሬ፣

ይስማው አካለ ወልድ

ማስታወሻ፦ በግቢዎ የፈረንጅ ላም እንዳለችዎ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ይዘዋት ይምጡና ከጆንያው አንድ ጣሳ ዘግነው በሕዝቡ ፊት ያብሏት። እስከ ማክሰኞ በእግሯ ቆማ ካየናት፣ ሁላችንም ተሰልፈን እንወስዳለን።