ገና አየር አለው

መስከረም 20

ዛሬ የሰገነትን መኪና የፊት አሞርዛተሮች ቀየርሁ። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እንደ ፍየል ትዘል ነበር። የግራው አልወጣ ብሎኝ የፍሬኑን ቱቦ ፈታሁት። መፍታት አልነበረብኝም... ያስተማረኝ ሰው የለ፣ እያበላሸሁ ነው የተማርሁት። አየር ገባበት። ፍሬኑ ሲረገጥ እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

ሰገነት የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ አብረን ነን። አሁን ደልጊ መምህር ሆና ተመድባለች። ከሐይቁ ማዶ። «መኪናዬ ደህና ከሆነች በየሳምንቱ እመጣለሁ ጋሼ» ትላለች። ትመጣ ይሆን?

መስከረም 22

አየሩን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እሷ ፍሬኑን ትረግጣለች፣ እኔ ጎማው ሥር ተኝቼ ማስተንፈሻውን እከፍታለሁ።

«ረገጥሽ?»

«ያዝሁ።»

«እንዲህ ነው የምትይዢው? ባል እንዲህ ብትይዢ በማግስቱ ያመልጥሻል።»

«እርስዎስ የያዟት የታለች?»

ስስቅ ዘይቱ ፊቴ ላይ ተረጨ። «ልቀቂ» አልኋት።

እስከ ምሳ አረፋ ሲወጣ ቆየ። ከዚያ ጥርት ያለ ዘይት ብቻ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። አለቀ ልላት ቀና ስል ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አየሁት...

«ሞተር አስነሺና ርገጪው» አልሁ።

«ትንሽ ሰመጠ።»

«አየሽ? ገና አየር አለው።»

የማንም መኪና ሞተሩ ሲነሳ ፍሬኑ ትንሽ ይሰምጣል። ጤናው ነው። እሷ በምን ታውቃለች?

መስከረም 25

ዛሬም ረገጠች፣ ዛሬም ከፈትሁ። ገና አየር አለው አልሁ። ከሥር ተኝቶ «ያዝሁ» ሲባል መስማት ደስ ይላል። ቀልድ ነው፣ ማንን ይጎዳል?

መስከረም 28

ዝናብ። ደህናውን ዘይት በከንቱ አፈሰስሁ። ብዙ ቀለድሁ። ሰገነት አልሳቀችም።

ጥቅምት 1

ከትምህርት ቤቱ ደወሉላት። ከነገ ማለፍ አትችልም።

«በቃ አልቋል። ፍሬንሽ ደህና ነው» አልኋት።

ሞተሩን አስነስታ ረገጠች። «ሰመጠ እኮ።»

«እሱ ጤናው ነው።»

«ባለፈው አየር ነው አሉኝ።»

«ስቀልድ ነበር። እንዳትሄጂብኝ ብዬ...»

ሞተሩን አጠፋች። «የቱ ነው ቀልዱ ጋሼ? ያኔ ያሉኝ ወይስ አሁን የሚሉኝ?»

በጊዮርጊስ ማልሁ። በጊዮርጊስ ስንቴ ለቀልድ ምዬላታለሁ? «ያን ሁሉ ቁልቁለት በዚህ ፍሬን አልወርድም» አለችና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

ጥቅምት 2

በሳምንት አንዴ በሚሄደው ጀልባ ሄደች። ወደቡ ላይ «ጀልባስ ፍሬን አለው እንዴ?» አልኋት፣ ብትስቅ ብዬ። ነጠላዋን አስተካከለች። «ለገና እመጣለሁ። ምግብዎን አይርሱ» አለች።

ለገና...

ጥቅምት 16

ለራት ዓሣ ጠበስሁ። ለሁለት ሰው። ልማድ ነው።

ኅዳር 9

ደወለች። ድምፅዋ ደህና ነው። ልጆቹን ወዳቸዋለች፣ ቤትም ተከራይታለች።

«መኪናዋን ይሽጡልኝ ጋሼ። ግን የሚገዛት ሰው ልጆች ይኖሩታል፣ ስለ ፍሬኑ እውነቱን ይንገሩት።»

«እሺ» አልሁ።

ወደ ግቢ ወጣሁ። መስታወቷ አቧራ ለብሷል። መሪው ጋ ተቀምጬ ሞተር አስነሳሁ፣ ረገጥሁት። ትንሽ ሰመጠና ቀጥ አለ። ደህና ፍሬን ነው።

«ያዝሁ» አልሁ።

ልቀቅ የሚለኝ የለም። እግሬ እስኪዝል ይዤው ቆየሁ።