ባዶዋ አንድ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት 2፡30

ሱቅ ከፈትኩ። ሦስት ስፒከር ለጥገና ገብቷል፤ ሁለቱ የቤ/ክ፣ አንዱ የሠርግ ቤት። የሠርግ ቤቱ የውስጥ ወረቀቱ ተቀዷል። እስከ መጨረሻው ከፍተውት ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው።

ደብተሬ፣ እስካሁን የጻፍኩልህ ስለ ስፒከርና ስለ ጉልበቴ ሕመም ብቻ ነው። ዛሬ ሌላ ወሬ አለ። የሆሳዕና ወጣት ሙዚቀኞች የምስጋና ቀን አዘጋጅተውልኛል። ቅዳሜ የካቲት 22፣ አዳራሽ ተከራይተው። እኔ ሳልሞት! ዮርዳኖስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሕይወት ታሪኬን ጽፋ ታነባለች፤ ታትሞም ይታደላል። እሷም እንደኔ ባስ ጊታር ትጫወታለች፣ በቤ/ክኗ። 4 ሰዓት ላይ መጣች፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መቅዳት ጀመረች። ስለ ትውልድ ቦታዬ ትጠይቃለች ስል፣ በቀጥታ ባዶዋ አንድ ከየት መጣች አለችኝ።

አንተ ሙዚቃ አታውቅም፣ ላስረዳህ። ፈንክ፣ እኔ የምጫወተው የሙዚቃ ዓይነት፣ በአራት ምት ይቆጠራል። ባሲስት፣ ማለት ባስ ጊታር ተጫዋች፣ የሚያርፈው አንድ ተብሎ በሚቆጠረው ምት ላይ ነው፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነው። እኔ አንድ ላይ ዝም እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ እገባለሁ። በሰው ዘንድ የታወቅኩት በዚህ ነው። አዲስ አበባ ከስንት ዘፋኝ ጀርባ ስቆም ያሠራኝ ይኸው ነው። አሁን ከዚህ እስከ ሀደሮ ያለ ባሲስት ሁሉ አንድን ይተዋል። እነሱ ናቸው ባዶዋ አንድ ብለው ስም ያወጡላት።

ዮርዳኖስ ከባህል ጭፈራችን የተወረሰች ናት ብላ ታስባለች፤ እግር ከመሬት የሚነሳባት ቅጽበት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ላስብበት አልኳት። የሚታሰብ ነገር እንኳ የለውም። ከየት እንደመጣች አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከሰዓት

ከመናኸሪያ በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ መዝሙር ከፍቷል። ባሱ አንድን ይተዋል። የሚጫወተው እኔ አይደለሁም፣ የዱራሜ ልጅ ይመስለኛል። ጉልበቴ ላይ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ሥራዬን ጠየቀኝ። ስፒከር ጠጋኝ ነኝ አልኩት። ደስ አለው። ባሱ መጀመሪያው ላይ እየተቆረጠበት ተቸግሯል፣ እንዳይለት ጠየቀኝ። ስፒከሩ ጤነኛ ነው አልኩት። አላመነኝም። ሌላ ጠጋኝ ጋ የሚሄድ ይመስለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 9። 10 ሰዓት

ዝናብ ይመስላል፣ አይዘንብም። ባለቤቴ አስቴር እህቷ ጋ ናት። ቤቱ ጸጥ ስላለ እውነቱን ልጻፍልህ።

ማቴዎስ። የአንጋጫ ሰው፣ ድራመር። እዚሁ ሆሳዕና አንድ ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት አብረን ተጫውተናል። እሱ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፤ የምንጣላው በአማርኛ። ሥራ በጀመርን በጥቂት ወር ታይፎይድ ይዞት ሦስት ሳምንት ተኛ። ሲመለስ በቀኝ በኩል ስጠራው አይዞርም። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ አይሰማም። የእግር ከበሮውና ባሴ በአንዷ ምት ላይ ሲገጥሙ ግራ ይጋባል፣ ይደናበራል። ከባንዱ እንዳይባረር ሰጋሁ። እናቱን የሚያኖረው እሱ ነው። ስለዚህ አንድን ለሱ ተውኩለት። የራሱን እግር ብቻ እንዲሰማ። ይህ ነው ምስጢሩ። ጭፈራ የለ፣ ፍልስፍና የለ።

ለሱ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? እሱም ስለ ጆሮው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ እኔ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ እሱ አንጋጫ ገብቶ አስተማሪ ሆነ። እጄ ግን በዚያው ለመደ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11። 4 ሰዓት

ዮርዳኖስ ረቂቋን አመጣች። ቆንጆ አማርኛ ነው። የባዶዋ አንድ አባት ትለኛለች። የጭፈራው ነገር ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። ሰኞ የካቲት 17 ማተሚያ ቤት ስለሚገባ እርማት ካለኝ እስከ እሑድ ማታ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ምሳ ላይ ለአስቴር እውነቱን ነገርኳት። ይህን ያህል ዘመን አብረን ኖረን መጀመሪያዬ ነው። መብላቷን አላቆመችም። ጭፈራ ነው ብል ማን ይጎዳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ አለች። ልክ ናት። ግን በአንድ ሰው ችግር ምክንያት የተሠራን ነገር የኔ ፈጠራ ነው ብዬ አዳራሽ ውስጥ ላስጨብጭብበት? ወጡ ጨው በዝቶበታል አልኳትና ተነሣሁ። አልበዛበትም ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 13። ጠዋት

ሁለት ስፒከር አስረከብኩ። ሥራ ላይ ልቤ የለም።

እውነቱን ብናገርስ? ማቴዎስ እስካሁን እሑድ እሑድ አንጋጫ ቤ/ክ ውስጥ ድራም ይመታል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቱ፣ ልጁ ሐዋሳ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያችን እሑድ ነው። ጆሮው አይሰማም ተብሎ ታትሞ ቢታደል ሽማግሌዎቹ በትሕትና፣ በጸሎትም ጭምር ያሳርፉታል። ተራ የሚጠብቁ ወጣቶች ሞልተዋል። ብናገር እሱን ከወንበሩ አስነሣለሁ። ዝም ብል የሱን ክብር ለብሼ መድረክ እወጣለሁ።

ሄጄ ልጠይቀው። ራሱ ይወስን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። 11 ሰዓት ተኩል፣ ገና ከመንገድ እንደገባሁ

ሳልረሳው በቶሎ ልጻፈው።

ባሴን ጭኔ ላይ ይዤ በሚኒባስ አንጋጫ ገባሁ። ማቴዎስ በረንዳው ላይ የፈተና ወረቀት ያርማል። ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ሳቁ ያው ነው። ዕቃዬን አይቶ፣ እንድናገር እንኳ ሳይጠብቅ ቤ/ክ ወሰደኝ። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ድራሙ ጨርቅ ለብሷል። አምፕሊፋየሩን አስተካከልኩ፣ እሱ ተቀመጠ። ያኔ ነገርኩት። ታይፎይዱን፣ ቀኝ ጆሮውን፣ አንድን ለሱ ብዬ እንደተውኩ፣ የልጅቷን ጽሑፍ፣ ሁሉንም። በስተቀኙ ቆሜ ነበር፤ በመሐል ትዝ አለኝና ወደ ግራው ዞርኩ።

«ምን ያዞርሃል? እሰማለሁ» አለኝ።

ጆሮው በሁለት ወር ውስጥ ድኖ ነበር። ሁለት ወር! እኔ ስድስት ዓመት አንድን ስተው እሱ በደንብ ይሰማል። ታዲያ ለምን ነበር አንድን እንደዚያ በኃይል የምትመታው አልኩት። ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ለመናገር ሲያፍር አየሁት።

«አንተ አንድን መያዝ አትችልም ነበር፣ ላምቤቦ። ከመታመሜ በፊትም ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር። የባንዱ መሪ ሊያባርርህ፣ ከአዲስ አበባ ሌላ ሊያመጣ ነበር። ሆን ብሎ ነው፣ ስታይሉ ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ እንዳይታወቅብህ በእግሬ ሸፈንኩህ።»

አላመንኩትም። ተናደድኩም። እስቲ ምታ፣ በአንዷ ምት ላይ ግባ አለኝ፤ ቆጠረ። ዘገየሁ። እንደገና ቆጠረ። ዘገየሁ። ቀስ አድርጎ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቆጠረልኝ። እጄ ጠበቀ፣ አንድ አለፈች፣ ገባሁ። ድሮም አልችልም ነበር? ወይስ ዘመን ሙሉ ስተው ጠፋብኝ? አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። ከዚያ በቃ ብሎኝ እንደ ድሯችን ተጫወትን። እሱ አንድን ያዘ፣ እኔ ተከተልኩ። እንደዚያ ጥሩ አድርጌ ከተጫወትኩ ዓመታት አልፈዋል።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ለልጅቷ ምንም እንዳልነግራት ለመነኝ።

«ጭፈራ ነው ካለች ጭፈራ ይሁን። ሰው እንዲስቅብህ አልፈልግም።»

እሑድ፣ የካቲት 16። ከሰዓት 8፡00

አስቴር ከቤ/ክ ስንመለስ ምን ወሰንክ አለችኝ። ደብተሬን ይዤ በረንዳ ወጣሁ።

ደብተሬ፣ ራሴን አየሁት። እስከ ትናንት ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነበረኝ፤ ጓደኛዬ እንዳይጎዳ። ዛሬ ጆሮው ደኅና ነው፣ ወንበሩም የሚነካበት የለም። ቢነገር የሚሳቅበት እኔ ብቻ ነኝ። ጠዋት ስብከቱ ሲሰበክ እኔ ዝም የምልበት አዲስ ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ ወጣቶቹ ያፍራሉ፣ አዳራሹ ተከፍሎበታል፣ ማቴዎስ ራሱ ለምኖኛል። ምክንያት ሞልቷል። የሱን ጉድለት ለማስጻፍ ጥቂት ቀርቶኝ የነበርኩት ሰው፣ የራሴን ጉድለት የምትናገር አንዲት መስመር ከበደችኝ። አፈርኩ። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ዕድሜዬን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ኮርቼበት ነበር እኮ። ውለታው የኔ አልነበረም።

ዮርዳኖስ ጋ ደወልኩ። አላነሣችም፣ ልምምድ ላይ ናት መሰለኝ። ስትደውል የምላትን እዚህ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልሸሽ። የጭፈራውን ሁለት ገጽ ታውጣው። በቦታው እንዲህ ይግባ፦ ላምቤቦ አንድን መምታት አይችልም ነበር፤ ማቴዎስ የሚባል የአንጋጫ ድራመር ይመታለት ነበር። ከዚህ የበለጠ ማሳመሪያ አይጨመርበት። ልጆቹ ስሙን ሳያውቁ ሲከተሉ የኖሩት የሱን እግር ነው። ቅዳሜ ድራሙ ላይ እሱ ይቀመጥ። አልመጣም ካለ ዓርብ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ እምቢ ካለኝም እኔ መድረኩ ላይ…

ስልኩ ጠራ። ዮርዳኖስ ናት። ላንሣው።