የሴቶቹ አሰልጣኝ ሞገስ መልአኩ

አሰልጣኝ ሞገስ መልአኩ ከአባታቸው ከመምህር መልአኩ ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበባይሽ ተካ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ካጠናቀቁ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተመረቁ። ለዩኒቨርሲቲው ቡድንም በተከላካይነት ተጫውተዋል። ስንት ጎል እንዳገቡ ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይሩ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ኔዘርላንድስ መጡ። የስደተኞች ካምፕ ቆይተው የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኙ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር ቤት ተሰጣቸው፤ ቋንቋ እየተማሩም ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጭነዋል። በ1990 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ማዕረግ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ሩሐማንና ኖህን ወለዱ። የአሰልጣኝነት ፈቃዳቸውን እዚሁ አውጥተው በሮተርዳም በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ሆኑ።

በ2010 ዓ.ም. ተጫዋች አንሷል ተብሎ የሴቶቹ ቡድን እንዲበተን ታሰበ። አሰልጣኝ ሞገስ ስብሰባው ላይ ተነስተው፣ ቡድኑ ከተበተነ ሥራቸውን እንደሚለቁ ተናገሩ። ለማስፈራራት አልነበረም፤ የምራቸውን ነው። አንድ የውድድር ዘመን ተፈቀደላቸው። ከጀልባ ቀዛፊዎቹም ከቤተ መጻሕፍቱም ተጫዋች ለመኑ፤ ልጃቸውን ሩሐማንም አሰለፉ። ሜዳው በወንዶቹ ሲያዝ ሴቶቹን ስኬቨኒንገን ባሕር ዳርቻ ወስደው አሸዋ ላይ ያሯሯጧቸው ነበር። ቡድኑም ሳይበተን ቀረ።

ሲናደዱ ደችኛው ይጠፋባቸው ስለነበር ተጫዋቾቹ ትእዛዙን በአማርኛ ለመዱት። «ሩጪ!» «ልቀቂ!» «ተመለሺ!» ሲባል ተጋጣሚ ምንም አይገባውም። ለወንድ ሌላ እንደሚባል ግን ማንም አልነገራቸውም። አንድ ዓመት ተጫዋቾቹን በጋበዙበት የደመራ ዕለት ዝናብ ሲወርድ አምበሏ ፍሌር በዕድሜ የገፉ ቄስ ወደ ድንኳኑ ለመጥራት «ነይ! ሩጪ!» ብላ ጮኸች። ቄሱም ሮጡ። አሰልጣኝ ሞገስ ግን ለብዙ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በጓሮ በር ይገቡ ነበር።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሴቶቹ አምስተርዳም በተደረገ የተማሪዎች ውድድር ዋንጫ በሉ። አሰልጣኝ ሞገስ ያን ቀን አለቀሱ፤ ጉንፋን ነው ቢሉም ያመናቸው የለም።

በዚያው ክረምት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እህታቸው ወይዘሮ መሰረት መልአኩ፣ እኛም ወዳጆቻቸው በእጅጉ አዝነናል። እንዲህ ያለ ሰው የእኛ በመሆኑም እንኮራለን።

ተጫዋቾቻቸው አስከሬናቸውን እንሸከም ብለው ሲጠይቁ፣ በወጋችን የሚሸከሙት ወንዶች ናቸውና ሽማግሌዎቹ አልተስማሙም። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ግን «እሱ ከሜዳ አላስወጣቸውም፤ እኔም ከቀብሩ አላስወጣቸውም» አሉ። ዛሬ የሚሸከሟቸው እነሱ ናቸው።

ድካማቸውን የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። አሜን።