ጥንዶቹ ስፒከሮች

ኑርሁሴን፣

ለአባዬ አርባ ወደ አምባሰል ሄጃለሁ። ዓሣው ድስት ውስጥ ነው፤ ዛሬውኑ ብላው።

ከስፒከሮቼ አንዱን ለሰርገኞቹ አውሰህ አንዱን ለእኔ ማስቀረትህ ለሁላችንም አስበህ ነው። ግን ጥንድ ናቸው። የአባዬን የማሲንቆ ቅጂ አብረው ሲያጫውቱት ድምፁ ከመካከላቸው ይወጣ ነበር፤ እዚያው ቁጭ ብሎ የሚመታ ይመስለኝ ነበር። ሰርገኞቹ የተዋሱት ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው ወረቀቱ ተቀዶ ተመለሰ። አሁን አባዬ ከሣጥን ውስጥ ነው የሚሰማኝ።

«ተቀየምከኝ እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ምንም አይደል» አልኩህ። ውሸቴን ነው፤ ይቅርታ።

ደህናውን ተጠቀምበት። ከግድግዳው ስንዝር አርቀው፤ ከኋላው ባለው ቀዳዳ ይተነፍሳል።

እናቴ እንድትሰማው ሁለቱንም ልወስድላት ነበር።

ቅዳሜ ለአርባው ና፤ ለሙስሊሞቹ ለብቻው ይታረዳል። ለእናቴ መቀደዱን በስልክ ስነግራት ስፒከሩን ማን እንዳዋሰ አልነገርኳትም።

ሽታው