ቃል የሚውጡ የሬዲዮ አንባቢዎች

ሰኞ የካቲት 1 ቀን 1996፣ ጠዋት 1፡30

ሬዲዮው ከሱብሒ ጀምሮ ክፍት ነው። ዜናው አለቀ፤ ግማሹን ዋጡት። አሁን የገበሬዎች ፕሮግራም። ስለ ማሽላ ተባይ ነው መሰለኝ። ሰውየው ጨርቅ እንደ ጎረሰ ያጉረመርማል። ትናንት ከጊደር መጋላ ገበያ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ለውጥ የለም። ጥፋቱ የሰዎቹ ነው።

ደብተሬ፣ አንተ ታውቃለህ። አማርኛን ት/ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ቤታችን የምንናገረው የራሳችንን ቋንቋ ነው። እኔ መኪና ግርግር፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ፣ ስፌት እየሰፋሁ አርባ ዓመት ሬዲዮ ሰማሁ። አማርኛዬ ከዚያ ነው። የዱሮ አንባቢ ቃሉን አንድ በአንድ ነበር የሚያስቀምጠው። ተከትዬው እለው ነበር። የዛሬዎቹ ዲግሪ አላቸው አሉ።

ቀን 7፡00። የጤና ፕሮግራም። ሐኪሟ ታንሾካሹካለች። ድምፁን ጨመርኩት። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ ቀንስ አለች፤ መስጊድ ድረስ ይሰማል አለች። ቤቱ የኔ ነው አልኳት።

ረቡዕ የካቲት 3

ለጣቢያው ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው። ስንት ተለማማጅ ያሠለጠንኩ ሰው ነኝ፤ የተበላሸ ሥራ አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። ስሜንና ሠፈሬን ከሥሩ አሰፈርኩ። ስም የሌለው ደብዳቤ የፈሪ ነው። ፖ/ቤት ራሴ ወሰድኩት።

አርብ የካቲት 12፣ ከሰዓት

ጁምዓ ሰግጄ መጣሁ። ኢማሙም ስብከቱን፣ ኹጥባውን፣ ወደ ውስጥ ነው የሚናገረው። በሽታው ከአዲስ አበባ እዚህ ሐረር ደርሷል።

የመጽሐፍ ትረካ። አንድ ሰው ሞተ። ዘይነባ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ሟቹ ማን እንደሆነ ልጠይቃት ፈለግሁ። ተውኩት።

እሁድ የካቲት 14፣ 10፡30

የአድማጮች ደብዳቤ አሁን አለቀ። አራት አነበቡ። አንዱ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። ሁለተኛው ስለ መንገድ። ሦስተኛው ረጅም ነው፤ ሴቷ ስታነብ ወንዱ ይስቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ብዙ አወሩ። ምን እንዳሉ እንጃ። የአንድ ቀልደኛ ነገር ይሆናል። አራተኛው ዘፈን ምረጡልኝ ነው። የኔ አልተነበበም።

ዘይነባ አጠገቤ ነበረች። ሬዲዮውን ትታ ፊቴን ታያለች። ፈርተውኛል አልኳት።

ሰኞ የካቲት 15

ዛሬ ዋሸሁ።

ክር ልገዛ መኪና ግርግር ወረድኩ። ልብስ ሰፊዎቹ ሲያዩኝ እግራቸውን ከስፌት መኪናቸው መርገጫ አነሡ። ሙሚን ተነሥቶ ሁለት እጄን ያዘ። እኔ ነኝ ያሠለጠንኩት፤ አሁን የራሱ ሱቅ አለው። ሁልጊዜ ጆሮዬ ሥር ገብቶ እየጮኸ ነው የሚያናግረኝ። ስድ ነው እል ነበር። «አው» ብሎ በአክብሮት መጥራቱን ግን አይተውም።

«አው ዩሱፍ፣ አንጀታችንን አራሱት። ‹ቃልና ቃል ሳይለይ የሚያነብ ሰው እጅጌን ከኮሌታ ጋር የሰፋ ነው፤ እኔ ጋ ቢሆን መቀሱን ነጥቄ አባርረው ነበር።› እኛን የሚሰድቡበትን ለነሱ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የኔ ቃል ነው። የኔ ደብዳቤ። ሦስተኛው።

መልሳቸውንስ እንዴት አገኙት አለ ሌላው። ጥሩ መልስ ነው አልኩ። ሰምቻለሁ አልኩ። ክሩን ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሐረር በሙሉ ሰምቷል። እኔ ሬዲዮው ፊት ቁጭ ብዬ አልሰማሁም። ምን እንደመለሱልኝም አላውቅም። ስድብ ይሁን፣ ይቅርታ ይሁን።

ዘይነባን ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች መለሰች።

«ዩሱፍ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ሁለት ዓመቴ ነው። ቤቱ የኔ ነው ትለኛለህ።»

መልሳቸውን ልንገርህ አለች። አልፈልግም አልኩ። የተመለሰው ለኔ ነው፤ በሰው አፍ አልቀበልም።

ማክሰኞ የካቲት 16፣ ጠዋት

ሬዲዮውን አልከፈትኩም።

ለጣቢያው እንደገና ጻፍኩ። መልሳችሁን በወረቀት ላኩልኝ አልኩ። ምክንያቱ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ መንገደኛ ነበርኩ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀደድኩት። ቀጥሎ ባትሪ አልቆብኝ ነበር አልኩ፤ ቀደድኩት። ትናንት ለሙሚን መዋሸቴ ይበቃል። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ከጥያቄዬ ሥር ሁለት መስመር ብቻ አሰፈርኩ፦ አንባቢዎቻችሁን ያለ ጥፋታቸው ወቅሻለሁ። ጆሮዬ አይሰማም።

ስሜንና ሠፈሬን ከሥሩ ጻፍኩ።

ዘይነባ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ከፖ/ቤት ቀጥለን ሐኪም ቤት ነው። ግን መጀመሪያ በመኪና ግርግር በኩል እናልፋለን። ፖስታውን አላሸግሁትም። የስፌት መኪናቸውን አስቁሜ፣ ሁለቱን መስመር ለሙሚንና ለሁሉም ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።