ባለቆዳው ደጄን አልፎ ሄደ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ዓይንዎስ፣ ዛሬም ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ያስገባሉ? እማማስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ደህና ነኝ ስል ሰውነቴን ነው እንጂ ሆዴማ በቅናት እርር ድብን ብሏል። ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ!

ባለቆዳው የምንለውን፣ ለሱቄ ቆዳ የሚያመጣልኝን ሰውዬ ያስታውሱታል? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ መኪናውን በሬ ላይ አቁሞ ጥቅሉን ሲፈታ መጀመሪያ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ደጄን አልፎ ፊት ለፊቴ ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ይቆማል። ይህን ጫማ ሰፊ ጥርሱ ስለማይከደን ፍልቅልቁ ነው የምንለው። ሱቁን ከከፈተ ገና ዓመቱ ነው እኮ! ለስላሳውን እሱ ይወስድና ለእኔ ጠባሳ ያለበት ይተርፈኛል። ደንበኞቼም ዘንድሮ ጫማህ ምን ነካው ማለት ጀምረዋል። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቴ ነው።

ማክሰኞ በመጣ ቁጥር እንደ ተከዳ ባል በመስኮት አያቸዋለሁ። ፍልቅልቁ ቆዳውን ያሸታል፣ ይዳስሳል፣ ከየት አገኘኸው እያለ ያደንቃል። ሰፍቶ ሲጨርስም ጫማውን አውጥቶ፣ ያንተ ቆዳ እዚህ ደረሰ ብሎ ያሳየዋል። ባለቆዳው ልጁን የዳረ ያህል ፊቱ ይበራል። ኧረ ወዲያ! እኔ እንደሆነ እርስዎ ሙያውን ሲያስተምሩኝ፣ ለአቅራቢ ደስታህን አታሳየው፣ ዋጋ ይሰቅልብሃል፤ ደግ ቆዳ ሲያመጣ ግንባርህን ቋጥር ብለውኛል። ዘጠኝ ዓመት ቋጠርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አላስችል ብሎኝ መንገዱን ተሻገርኩና ባለቆዳውን ምን በድዬህ ነው ትናንት የመጣ የበለጠብህ አልኩት። ሰውዬው ከልቡ ደነገጠ። እኔማ ቆዳዬን የማትወደው፣ ሌላ ስላጣህ ብቻ የምትገዛኝ መስሎኝ ነበር አለኝ። አባባ፣ ለመቁረጥ ሳስቼ ሦስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት የሱ ቆዳ አለኝ እኮ! ወደ ሱቄ ይዤው ሄጄ አውርጄ አሳየሁት። ዳሰስ ዳሰስ አደረገውና፣ ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ ብሎ ሄደ። የፊታችን ማክሰኞ የማን በር ላይ እንደሚቆም እንጃ። ፍልቅልቁ ሲስቅ ስሰማ ግን ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

አባባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አምና ሰፍቼ የላክሁልዎትን ቡናማ ጫማ ደርሶኛል ብለው ጻፉልኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሉኝም። ታናሽ ወንድሜ የገዛልዎትን ኮት ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያሞግሱ እንደከረሙ እህቴ ጽፋልኛለች። ጫማው ጥሩ ነው? ከሆነ፣ ጥሩ ነው ብለው ይጻፉልኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

የእማማን ጉልበት ስሜያለሁ። እህቴን ከነልጆቿ፣ አክስቴንም እንዴት ናችሁ ብሏል ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜንም ይሳሙልኝ፤ የኮቱን ነገር ግን እንዳያነሱበት።

ልጅዎ ጫማ ሰፊው
ከሱቄ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን